ሀገር ሳይሰጥ የሚፈታ እንቆቅልሽ

ልጆችን በዕለት ተዕለት ምስጢሮች ሳይንስ ስለማስተማር

ማታ ማታ፣ እራት እስኪደርስ፣ ምድጃ ዳር የተሰበሰቡ ልጆች «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» እየተባባሉ ሲጫወቱ ያላየ፣ ወይም ራሱ ተጫውቶ ያላደገ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ጠያቂው ነገሩን ሸፍኖ ያቀርባል። ተጠያቂው ያስባል፣ ይገምታል፣ ይስታል፣ ደግሞ ይገምታል። መልሱ ጨርሶ የጠፋው እንደሆነ «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው ሀገር ገብቶ እንደ ልቡ ከተንደላቀቀ በኋላ መልሱን ይናገራል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሳይንስ ትምህርት ከልጅ የሚፈልገው ነገር ከሞላ ጎደል ይገኛል። ጉጉት አለ። መገመት አለ። ግምት ሲከሽፍ ሳያፍሩ ሌላ መሞከር አለ። የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ ያለው በጠያቂው እጅ ነው። ትክክለኛነቱ የሚረጋገጠውም ጠያቂው «አወቅህ» ስላለ ነው። በሳይንስ ግን መልሱን ይዞ የተቀመጠ ሰው የለም። የሚጠየቀው ተፈጥሮ ራሱ ነው፤ ሀገር ቢሰጡትም መልሱን አይናገርም። እንዲናገር የሚያደርገው በአግባቡ የታሰበ ሙከራ ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው፣ ልጆች በቤታቸው፣ በመንደራቸውና በትምህርት ቤታቸው ግቢ በየቀኑ የሚያጋጥሟቸውን ምስጢሮች እንዲፈቱ በማድረግ ሳይንስን ማስተማር እንደሚቻል ነው። ለዚህም ሦስት ምስጢሮችን ከነአፈታታቸው እንመለከታለን። ቀጥሎም አንድ አፍሪካዊ ተማሪ የጠየቀውን ጥያቄ ታሪክ እናነሣለን፤ በመጨረሻም ዘዴው የሚሳሳትባቸውን ቦታዎች እንጠቁማለን።

ጉዳዩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም አኃዙ ከዚህ አልተሻለም። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንድ የማስተማሪያ ዘዴ ብቻውን ይፈውሰዋል የሚል እምነት የለንም። ይሁን እንጂ ትርጓሜ በቃል እያጠና ያደገ ልጅ ያልለመደውን ጥያቄ ሲያገኝ መነሻው የሚጠፋው ለምን እንደሆነ ማሰብ የሁላችንም ኃላፊነት ነው።

እንስራውና ጀሪካኑ

በሞቃት አካባቢ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። በእንስራ የተቀመጠ ውሃ በጀሪካን ከተቀመጠው ይቀዘቅዛል። ሁለቱም ከአንድ ቦኖ ተቀድተው፣ በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ ይህ ለምን ይሆናል?

ይህን ጥያቄ ለ5ኛ ወይም ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ብናቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓይነት መልስ እናገኛለን። አንዱ «ሸክላ በተፈጥሮው ቀዝቃዛ ነው» ይላል። ሌላው «እንስራው ወፍራም ስለሆነ ሙቀት አያስገባም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የእንስራውን ውጫዊ አካል ዳብሶ «እንስራው ያልበዋል» ይላል። በዚህ ጊዜ መምህሩ የሚፈተንበት ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። ሦስተኛውን ልጅ አመስግኖ «ትነት ይባላል» ብሎ ሰሌዳው ላይ ከጻፈ ትምህርቱ በዚያው አበቃ። መልሱን ውጦ ሦስቱንም ግምቶች ሰሌዳው ላይ ቢያሰፍር ግን ትምህርቱ ገና ይጀመራል።

እያንዳንዱ ግምት የራሱ ውጤት አለው። ሸክላ በተፈጥሮው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ በዚያው ጥላ ሥር የዋለ ደረቅና ባዶ እንስራም ከአካባቢው አየር ይልቅ መቀዝቀዝ አለበት። ስለዚህ ባዶ እንስራ አስቀምጠን እናያለን፤ አይቀዘቅዝም። የእንስራው ውፍረት ሙቀት የሚከለክል ከሆነ ደግሞ ውሃው በተቀዳበት ሙቀት ይቆያል እንጂ ከዚያ በታች ሊወርድ አይችልም። ብርድ ልብስ ሙቀትን ያቆያል እንጂ አዲስ ሙቀት እንደማይፈጥር ሁሉ፣ ወፍራም ግድግዳም ቅዝቃዜን ይጠብቃል እንጂ አያመነጭም። ውሃው ከተቀዳ በኋላ ይበልጥ መቀዝቀዙ ከታየ ሁለተኛው ግምት በቂ አይደለም።

ሦስተኛውን ግምት ለመፈተን ሦስት አንድ ዓይነት የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙሶች ይበቃሉ። ሦስቱም ከአንድ ባልዲ ይሞላሉ። የመጀመሪያው በደረቅ ጨርቅ ይጠቀለላል። ሁለተኛው በረጠበ ጨርቅ ይጠቀለላል። ሦስተኛውም በረጠበ ጨርቅ ይጠቀለልና በፌስታል ውስጥ ገብቶ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ከዚያም ሦስቱ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ይቆያሉ። ሁለተኛው ጠርሙስ ከሁሉም ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የዚህ ሙከራ ዋናው ሰው ግን ሦስተኛው ጠርሙስ ነው። ጨርቁ እንደ ሁለተኛው ርጥብ ነው፤ የሚለየው ተኑ መውጫ በማጣቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አቀዝቃዡ እርጥበቱ ብቻውን ሳይሆን የውሃው ተንኖ መሄድ እንደሆነ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ።

ቴርሞሜትር ከሌለ በእጅ ዳስሶ መለየት ይቻላል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጨርቆቹ ተፈትተው ጠርሙሶቹ በሚገባ መድረቅ አለባቸው፤ ርጥብ ነገር ምንጊዜም ቀዝቃዛ ሆኖ ይሰማናልና። የሚዳስሰውም የትኛው ጠርሙስ በምን እንደተጠቀለለ ያላየ፣ ዓይኑን የጨፈነ ልጅ ይሁን። የሚጠብቀውን የሚያውቅ እጅ የሚጠብቀውን ያገኛል። መድኃኒት የሚፈትኑ ሐኪሞች የትኛው በሽተኛ የትኛውን እንደ ወሰደ እንዳያውቁ የሚደረገው ለዚሁ ነው። አንድ የ11 ዓመት ልጅ ይህን ቁም ነገር በጠርሙስ ከተረዳው፣ ሲያድግ «ይህ መድኃኒት እገሌን አድኖታል» የሚለውን ወሬ የሚሰማበት ጆሮው ሌላ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ማብራሪያው ቦታውን ያገኛል። በውሃ ውስጥ ካሉት ሞለኪውሎች ፈጣኖቹ አምልጠው ሲወጡ ቀሪዎቹ በአማካይ ዘገምተኞቹ ይሆናሉ፤ ይህም ማለት ውሃው ቀዘቀዘ ማለት ነው። አንድ ግራም ውሃ ለመትነን 2,400 ጁል ያህል ኃይል ይወስዳል። 20 ሊትር ከያዘ እንስራ 100 ግራም ብቻ ቢተንና ከውጭ ሙቀት ባይገባበት፣ ቀሪው ውሃ በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀዘቅዛል። ይኸው እንስራ አየሩ በእርጥበት በተሞላበት የዝናብ ወቅት ያን ያህል የማያቀዘቅዘው ለምን እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ሊያስረዱ ይችላሉ። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ አንዱን የሸክላ ማሰሮ በሌላው ውስጥ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው ርጥብ አሸዋ በመጨመር አትክልት ያለ ኤሌክትሪክ የሚያቆይ ማቀዝቀዣ በመሥራቱ በ2000 እ.ኤ.አ. የሮሌክስን ሽልማት አግኝቷል። መሠረቱ ከእንስራው ምስጢር የተለየ አልነበረም።

መጽሐፉ 100፣ ቴርሞሜትሩ 92

ውሃ በስንት ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል? ይህን ጥያቄ ያልመለሰ ተማሪ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ ቤተ ሙከራ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ውሃ አፍልተው ሙቀቱን እንዲለኩ ስናደርግ ግን ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። ቴርሞሜትሩ 92 ገደማ ላይ ቆሞ ሳለ ደብተሩ ላይ 100 ተብሎ ይጻፋል። «ያየኸው ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ተማሪው «መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ» ይላል።

ይህ ተማሪ ሰነፍ ወይም ዋሾ አይደለም። እንዲያውም ጎበዝ ስለሆነ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባው። ነገር ግን ለ12 ዓመታት የተሸለመው መጽሐፉ ያለውን ስለደገመ እንጂ ያየውን ስለመዘገበ አይደለም። ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። ዓይኑን የማያምን መሐንዲስ የተሰነጠቀውን ምሰሶ አይቶ ያልፋል፤ ዓይኑን የማያምን ሐኪምም በሽተኛው ላይ የሚያየውን ትቶ በቃል ያጠናውን በሽታ ያክማል።

ይኸው ጉዳይ በልጅነት እንደ ምስጢር ቢቀርብ ኖሮ መልኩ ሌላ ይሆን ነበር። ከቆላ ወደ ደጋ የመጣች ባልትና አዋቂ «እዚህ ባቄላው አልበስል አለኝ» ትላለች። ባቄላው ያው ነው፣ ድስቱ ያው ነው፣ እሳቱም ያው ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ? የተለወጠው ከድስቱ በላይ ያለው አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የከባቢ አየር ግፊቷ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው ለመፍላት ያን ያህል መጋል አያስፈልገውም። በግርድፉ ሲሰላ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ነጥበ ፍሌት በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ውሃ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው ራስ ዳሸን ጫፍ በ85 ገደማ ይፈላል። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ዳሎል ደግሞ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። ልጆቹ የከተማቸውን ከፍታ ጠይቀው ነጥበ ፍሌቱን አስቀድመው እንዲተነብዩ፣ ከዚያ እንዲለኩ ማድረግ ይቻላል። በዚህ ጊዜ 92 የሚለው ቁጥር የመሣሪያ ብልሽት መሆኑ ይቀርና ትክክለኛ መልስ ይሆናል።

ከዚሁ የሚከተል ሌላ ጥያቄ አለ። የፈላው ድስት ሥር እሳት ቢጨመር ባቄላው ፈጥኖ ይበስላል? ብዙዎቻችን አዎን እንላለን። እኩል ውሃና እኩል ባቄላ የያዙ ሁለት ተመሳሳይ ድስቶች ይጣዱ። ሁለቱም ከፈሉ በኋላ አንዱ በኃይል እንዲንተከተክ፣ ሌላው ክዳኑ ተከድኖ በዝግታ እንዲፈላ ይደረግ። የሁለቱም የማብሰያ ጊዜ ተቀራራቢ ሆኖ ይገኛል። የፈላ ውሃ፣ እሳቱ ቢበረታም ቢለዝብም፣ ሙቀቱ ያው ነው፤ ትርፉ እሳት ተን ሆኖ ይሄዳል። ይህን የተረዳች ልጅ ለእናቷ የምትነግራት ነገር አላት፤ የከሰል ዋጋ በሚወደድበት ቤት ደግሞ ምክሯ ገንዘብ ነው። ክዳኑን በጥብቅ ዘግቶ ግፊቱን ከፍ የሚያደርገው ፕሬዠር ኩከር ለምን ቶሎ እንደሚያበስልም ከዚሁ ልትደርስበት ትችላለች።

ወደ ደቡብ የሚወድቅ ጥላ

በአውሮፓ የተዘጋጁ የሳይንስ መጻሕፍት በእኩለ ቀን ጥላ ወደ ሰሜን እንደሚወድቅ ይነግሩናል። ለዚያ ሀገር እውነት ነው። በአዲስ አበባ በሰኔ ወር፣ ደመናው ፋታ በሰጠ ቀን አንድ ዘንግ ብናቆም ግን የእኩለ ቀኑ ጥላ ወደ ደቡብ ወድቆ እናገኘዋለን። ምስጢሩ ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ ሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ኬክሮስ ባለው ስፍራ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናት ላይ በምትውልበት ቀበቶ ውስጥ መገኘቷ ነው። በ9 ዲግሪ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ይህ የሚሆነው ሚያዝያ 5 አካባቢና ነሐሴ 23 አካባቢ ነው። በእነዚህ ቀናት ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ በእኩለ ቀን ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ሰኔ 14 ቀን የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ ወደ ደቡብ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ ደግሞ ወደ ሰሜን 64 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል።

ለዚህ ሙከራ የሚያስፈልገው አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ድንጋይ የታሰረበት ቱምቢ፣ ጠጠርና ሰዓት ነው። ተማሪዎቹ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያደርጋሉ። እዚህ ላይ ያልተጠበቀ ሁለተኛ ምስጢር ይወጣል። ጥላው ከሁሉ የሚያጥረው በ6 ሰዓት አይደለም፤ እንደ ወራቱ ከ6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ እስከ 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። የእጅ ሰዓታችን የሚከተለው ሶማሌ ክልልን የሚያቋርጠውን 45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከዚያ በስተምዕራብ በ6 ዲግሪ ከሩብ ያህል ትርቃለች። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ልዩነቱ 25 ደቂቃ ይሆናል። ቀሪው መዛነፍ የሚመጣው ከምድር ዘንበል ማለትና ምሕዋሯ ፍጹም ክብ ካለመሆኑ ነው።

ይህ የዘንግ ጥላ ትልቅ ታሪክ አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 240 ዓመት ገደማ የእስክንድርያው ኤራቶስቴንስ፣ ዛሬ አስዋን በምትባለው ከተማ በዓመቱ ረጅም ቀን እኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ በእስክንድርያ ግን ከአናት የክብ አንድ ሃምሳኛ ያህል ዘንበል እንደምትል ተመልክቶ የምድርን ዙሪያ አሰላ። እኛም ይህን ለማድረግ ከሀገራችን መውጣት አያስፈልገንም። አዲስ አበባና መቐለ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጋ መሥመር ላይ ናቸው ለማለት ይቻላል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢት 11 ወይም 12 የአንድ ሜትር ዘንግ አጭሩ ጥላ በአዲስ አበባ 16፣ በመቐለ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶች በስልክ ተነጋግረው ልኬታቸውን ቢለዋወጡ ከጥላው ርዝመት ሁለቱን ማዕዘኖች ያገኛሉ፤ ልዩነታቸውም 4 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። በካርታ ላይ የሁለቱ ከተሞች ርቀት በሰሜን ደቡብ አቅጣጫ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ እጅግ ሩቅ ስለሆነች ጨረሮቿ ትይዩ ናቸው ብለን ከተነሣን፣ 360ን ለ4.5 አካፍለን በ500 ስናባዛ 40,000 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። በ8 ሴንቲ ሜትር የጥላ ልዩነት የምድርን ዙሪያ የለካ የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ ምድር ክብ መሆኗን ሰምቶ ከሚያውቀው ልጅ በእጅጉ ይለያል።

የምፔምባ ጥያቄ

በ1963 እ.ኤ.አ. በታንጋኒካ፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ በማጋምባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማር የነበረው ኤራስቶ ምፔምባ ከጓደኞቹ ጋር አይስክሬም ይሠራ ነበር። ደንቡ ወተቱን ከስኳር ጋር አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣው ማስገባት ነው። ቦታው ሊያልቅበት መሆኑን ያየው ምፔምባ ወተቱን እንደ ጋለ አስገባው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሲከፍት የእሱ ረግቶ በረዶ ሆኗል፤ ሳያፈላ ያስገባው የጓደኛው ወተት ግን ገና አልረጋም። መምህሩን ሲጠይቅ ተሳስተህ ነው የሚል መልስ አገኘ። ወደ ምክዋዋ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሻግሮ ጥያቄውን ሲደግመው ደግሞ፣ ይህ የምፔምባ ፊዚክስ እንጂ የዓለም ፊዚክስ አይደለም ተባለ፤ ስሙም በክፍሉ ውስጥ የስሕተት መጠሪያ ሆነ።

ከዳሬ ሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጣው የፊዚክስ ምሁር ዴኒስ ኦስቦርን ትምህርት ቤቱን በጎበኘ ጊዜ ምፔምባ ያንኑ ጥያቄ በሁሉም ፊት አቀረበ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ኦስቦርን ግን አልሳቀም። እንደሚሞክረው ቃል ገባ፤ ተመልሶም አስሞከረው። በ1969 እ.ኤ.አ. የተማሪውና የምሁሩ ስም በአንድነት የሰፈረበት ጽሑፍ ፊዚክስ ኤዱኬሽን በተባለው መጽሔት ታተመ።

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ቁም ነገሩ ግን ከዚያ በኋላም ይቀጥላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ቡሪጅና ሊንደን የተባሉ ተመራማሪዎች ሙከራውን በጥንቃቄ ደግመው፣ የጋለ ውሃ ቀድሞ እንደሚቀዘቅዝ የሚያሳምን ማስረጃ አለማግኘታቸውን አስታወቁ። የቴርሞሜትሩ ቦታ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ብቻ የሐሰት ውጤት ሊሰጥ እንደሚችልም አሳዩ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኩማርና ቤክሆፈር ከውሃ ውጭ በሆነ፣ በጥቃቅን ዶቃዎች በተሠራ ሥርዓት ላይ ተመሳሳይ ክስተት መኖሩን በግልጽ አረጋገጡ። ስለ ውሃው ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም። አባቶች «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ፤ ይህ ልጅ ያቦካው ግን የዓለምን ተመራማሪዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መግቧል። ጥያቄው ያስገኘው ጥቅምም ምፔምባ ትክክል በመሆኑ ወይም ባለመሆኑ ላይ የተመሠረተ አይደለም።

የሚያታልል መልስ

የምስጢር ትምህርት የራሱ ወጥመድ አለው። ሁላችንም የምናውቀውን የሻማ ሙከራ እንውሰድ። በሳሕን ውሃ ውስጥ የበራ ሻማ ቆሞ ብርጭቆ ሲደፋበት ሻማው ይጠፋል፤ ውሃውም ወደ ብርጭቆው ይወጣል። የተለመደው ማብራሪያ «ሻማው የአየሩን አንድ አምስተኛ የሆነውን ኦክስጂን ስለጨረሰ ውሃው ቦታውን ያዘ» የሚል ነው። ማብራሪያው ያምራል፤ ግን ትክክል አይደለም።

በጥሞና ብናስተውል ውሃው በብዛት የሚወጣው ሻማው እየነደደ ሳለ ሳይሆን ከጠፋ በኋላ ነው። ኦክስጂኑ ምክንያት ቢሆን ኖሮ በነደደበት ጊዜ ሁሉ ቀስ በቀስ ይወጣ ነበር። ደግሞም በአንዱ ሻማ ፋንታ ሦስት ብናቆም ውሃው ይበልጥ ከፍ ይላል፤ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ኦክስጂን ግን አልጨመረም። እንዲያውም ሻማው የሚጠፋው ኦክስጂኑ ገና ሳያልቅ ነው። ዋናው ምክንያት በእሳቱ ግሎ የተስፋፋው አየር ሻማው ሲጠፋ ቀዝቅዞ መኮማተሩ ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1860 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ለንደን ውስጥ ለልጆች መስጠት በጀመራቸው ስድስት ትምህርቶች ስለ አንድ ሻማ ብቻ መናገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ትምህርቱ ወደ ትርኢት እንዳይለወጥ የሚጠብቀውም ይኸው ነው። ልጆችን አስደንቆ መልስ የሚሰጥ ሙከራ አስማት ካሳየ ሰው ብዙም አይለይም። አስቀድሞ ሊከሽፍ የሚችል ግምት ከሌለ ሙከራ የለም።

ለመምህራንና ለወላጆች

እስካሁን ካየነው የሚወጡት ምክሮች ጥቂቶች ናቸው። በመጀመሪያ፣ ምስጢሩ ልጁ በየቀኑ ከሚያየው ነገር ይሁን። ሁለተኛ፣ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን በጽሑፍ ያስፍር፤ ያልተጻፈ ግምት ውጤቱ ሲታይ መልኩን ይለውጣል። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። አራተኛ፣ «ትክክል ነህ» ከማለት በፊት «እንዴት አወቅህ?» ይባል። አምስተኛ፣ መምህሩ ወይም ወላጁ የማያውቀው ሲገጥመው «አላውቅም፤ ግን በምን ልናውቀው እንችላለን?» ይበል። ይህ ክብሩን አይቀንሰውም። እሳት፣ ኤሌክትሪክና ፀሐይን በቀጥታ ማየት ግን ለግምት የሚተዉ አይደሉም፤ አዋቂ ሊቆጣጠራቸው ይገባል።

በየትምህርት ቤቱ የምንሰማቸው ተቃውሞዎች ሁለት ናቸው። አንዱ የተማሪው ብዛት ነው። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ግን በስድስት በስድስት ተከፍሎ አሥር ዘንግ ቢያቆም፣ አሥሩ ልኬቶች ለምን እንደሚለያዩ ራሱ ሌላ ትምህርት ይሆናል። ሁለተኛው የሥርዓተ ትምህርቱ ስፋት ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ መልሳችንም በየምዕራፉ አንድ ምስጢር ይበቃል የሚል ነው። ልጆች ሁሉን ነገር ራሳቸው ይድረሱበት ማለታችን አይደለም። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እንደተከራከሩት፣ ጀማሪን ያለ አስተማሪ መሪነት ለራሱ መተው ውጤታማ አይደለም። ኒውተን የደረሰበትን አንድ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይደርስበታል ብሎ መጠበቅም የዋህነት ነው። ምስጢሩ ለማብራሪያው ቦታ ያዘጋጃል፤ ማብራሪያውን የሚሰጠው መምህሩ ነው።

ለአንባቢዎቻችን የቀሩ እንቆቅልሾች

የሚከተሉትን ከልጆች ጋር እንዲሞክሯቸው ለአንባቢዎቻችን እንተዋለን። ፀሐያማ ቀን ካለፈ በኋላ ማታ የቆርቆሮ ጣሪያ ማንም ሳይነካው ለምን ይንኳኳል? በጣም በጋለ ምጣድ ላይ የተንጠባጠበ ውሃ ወዲያው ከመድረቅ ይልቅ እየተንከባለለ የሚቆየው፣ መጠነኛ ሙቀት ባለው ምጣድ ላይ ግን ፈጥኖ የሚደርቀው ለምንድን ነው? የእንጀራ ዓይን ከላይ በኩል እንጂ ምጣዱን በነካው በኩል የማይታየው ለምንድን ነው? በጠዋት የብረቱ በር ከእንጨቱ በር ይልቅ የሚቀዘቅዘው እውነት ነው ወይስ እጃችን እየዋሸን ነው?

መልሶቹን ከዚህ በታች አልጻፍንም። ልጁ አቅቶት «ሀገር ሰጠሁ» ቢልም አንቀበለው። ይልቁንም ቀጥሎ ምን ቢሞክር መልሱን እንደሚያገኝ እንጠይቀው።